ሲጋራን «የማቆም ውጥን» ምንድን ነው? ወጣት ወታደሮች፣ ወንዱና ሴቷ

የሚያጨስ ሰው «አቆማለሁ» ሲል ከሁለት አንዱን ማለቱ ነው። ወይ ምኞት ነው፣ ወይ ውጥን። ምኞት ቀን የለውም። ውጥን ግን «ከጾሙ መያዣ ጀምሮ» ይላል። ኪሱ ውስጥ የቀረውን ፓኮ ምን እንደሚያደርገው ሳይቀር አስቦበታል።

ባለሙያዎች ይህን በጊዜ ይለኩታል። መነሻው ፕሮቻስካና ዲክሌሜንቴ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት ሥራ ነው። በሚቀጥሉት 6 ወራት ለማቆም የማያስብ ሰው ገና መንገዱን አልጀመረም። በ6 ወር ውስጥ የሚል እያሰበበት ነው። በ30 ቀን ውስጥ የሚል፣ ከዚህ በፊትም ሞክሮ የሚያውቅ፣ እየተዘጋጀ ነው።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ፈቃድ የመጡ ወጣት ወታደሮችን ሠፈር ውስጥ አያለሁ። ወንዱ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ያጨሳል። እናቱ ታየዋለች፣ ጎረቤት ያየዋል። «አንተ ልጅ፣ ኧረ ይሄን ነገር ተው!» ሲባል ይውላል። ወታደሯ ብታጨስ ግን እዚያ በር ላይ አትቆምም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ ነበሩ። ጥቂት ስለሆኑ ነውሩ ይከብዳል። ስለዚህ ተደብቃ ታጨሳለች። ማንም ስለማያውቅ «ተይው» የሚላት የለም። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ለማቆም ብታስብም ሐሳቧን የምታካፍለው ሰው የላትም።

ካምፕ ውስጥ ደግሞ ሲጋራ እረፍት ነው፣ ጓደኝነትም ነው። ከዘብ ሲወጡ አብሮ መለኮስ አለ። የአሜሪካ ጦር እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲጋራን ከስንቅ ጋር ያድል ነበር። በእኛ ሀገር ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1112/2011) ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራ መሸጥ ክልክል ነው። ሠራዊት ለመግባት ግን 18 ዓመት ይበቃል። እነዚያ 3 ዓመታት ሱስ የሚይዝባቸው ዓመታት ናቸው።

ታዲያ ለማቆም የሚያስበው ማን ይበልጣል? በብዙ ሀገር ውጥኑ በወንድና በሴት ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በኋላ፣ ወደ ሲጋራ ሳይመለሱ በመቆየቱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚከብደው ለሴቷ ነው። አንዱ ምክንያት አካላዊ ነው። የሴት ሰውነት ኒኮቲንን፣ ሱስ የሚያስይዘውን የሲጋራ ንጥረ ነገር፣ ቶሎ ያስወግዳል። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል። ስለዚህ ሱሱ ቶሎ ይጠራታል። ውፍረትም አለ። ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራል። ይህ ወንዱንም ይነካዋል፣ ግን አብዝታ የምትፈራው እሷ ናት። ይህን ፍርሃት የሰነፍ ሰበብ አድርጎ ማየት ስህተት ይመስለኛል።

ካቆሙ በኋላ ይበልጥ የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ናቸው። ስለዚህ ፈቃድ ጥሩ ጊዜ ነው፤ አብሮ የሚለኩስ ጓድ አጠገብ የለም። ወንድማችሁ ከመጣ «ተው» ብቻ አትበሉት። «መቼ ነው ያሰብከው?» በሉት። እህታችሁ ከሆነች ሰው በሌለበት ጠይቋት። ቀኑን ከነገረቻችሁ፣ እነዚያን ሦስት ቀናት አብራችኋት ዋሉ።