ባዕድ ሠራሽ የንግድ መንኮራኩር ምንድን ነው?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ዳር ቆሜ አንድ ሰው አህያ ሲጭን አየሁ። በግራ ጤፍ፣ በቀኝ ሽንብራ ነው። ጭነቱ ወደ ግራ ማዘንበል ሲጀምር ሰውየው ከመሬት ድንጋይ አነሣና በሽንብራው ጆንያ አፍ ሸጎጠው፤ መጫኛውን ጠበቅ አድርጎ አህያዋን መታ መታ አደረጋት፤ ቀጥ ብላ ሄደች። ለሳምንታት ስጽፈው የቆየሁትና አልሆን ያለኝ ታሪክ በዚያ ድንጋይ ተፈታልኝ። ታሪኩ ስለ አንድ የንግድ መንኮራኩር ነበር።

ባዕድ ሠራሽ የንግድ መንኮራኩር በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ዓለም የሚገኝ የጠፈር መጓጓዣ ነው። ሠሪዎቹ ከምድር ውጭ የሚኖሩ ፍጡራን፣ ሥራውም ሸቀጥ ማመላለስ ነው። ጀማሪ ጸሐፊዎች (እኔንም ጨምሮ) ሲስሉት እንደ ጦር ሹል፣ እንደ ንስር ክንፋም ያደርጉታል። ነጋዴ ግን በሰጋር በቅሎ አይጭንም፤ የሚጭነው በአጋሰስ ነው።

ወደ ድንጋዩ እንመለስ። ሞተሩ የሚገፋበት መስመር በመንኮራኩሩ የክብደት ማዕከል ካላለፈ፣ መንኮራኩሩ ወደፊት መሄዱን ትቶ መዞር ይጀምራል። በጠፈር ደግሞ የሚደግፈው መሬት፣ የሚያቃናው አየር የለም። ስለዚህ ጭነቱ በረጅም ምሰሶ ዙሪያ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይታሰራል፤ አንዱ ወገን ሲከብድ ፈሳሽ ከጋን ወደ ጋን ይገፋል፤ የቅዳሜ ገበያው ድንጋይ ማለት ይህ ፈሳሽ ነው። ነፋስ ስለሌለም ሹል አፍንጫ አያስፈልግም። ከሩቅ ሲያዩት የተላጠ የበቆሎ እሸት ይመስላል፦ መሃሉ ቆረቆንዳ፣ ዙሪያው ፍሬ።

ቀጥሎ የስንቅ ነገር አለ። ስንቁን ለመሸከም ሌላ አጋሰስ፣ ለዚያ አጋሰስ ደግሞ ሌላ ስንቅ ያስፈልጋል። ሮኬትም እንዲሁ ነው። በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደው ሳተርን 5 ሲነሣ ወደ 3 ሺህ ቶን ይመዝን ነበር፤ ወደ ጨረቃ የላከው ግን 45 ቶን ገደማ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ነዳጅ ነበር። በዚህ ሒሳብ የሚነግድ ይከስራል። ለዚህ ነው የንግዱ መንኮራኩር ፈጽሞ መሬት የማይወርደው፤ ከፕላኔቱ በላይ እየዞረ ይቆያል፣ ዕቃውን ትንንሽ ጀልባዎች ያወርዱለታል። ነጋዴ ኬላ ላይ ሰፍሮ እንደሚጠብቅ ማለት ነው።

ምን ይነግዳል? ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የምትቀርበው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ 4.24 የብርሃን ዓመት (አንዱ የብርሃን ዓመት ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ትርቃለች። በብርሃን ፍጥነት አንድ አሥረኛ የሚጓዝ መንኮራኩር ከ42 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ከጎንደር ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ይወርዱ የነበሩ ሲራራ ነጋዴዎች ነገሩ ይገባቸው ነበር፤ አሞሌ ጨው ከአፋር ሜዳ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደድ እንደነበር ያውቃሉና። ነገር ግን ንድፍ፣ ዜማ፣ የመድኃኒት ቀመር ሁሉ በሬዲዮ ሞገድ ከመንኮራኩሩ ቀድሞ ይደርሳል። ለመንኮራኩሩ የሚቀርለት በሬዲዮ የማይላከው ብቻ ነው፤ ዘር፣ እርሾ፣ የእጅ ሥራ። ከ42 ዓመት በኋላ ገበያው ምን እንደሚፈልግ ገምቶ የሚጭን ነጋዴ ደግሞ ልበ ሙሉ ነው፤ ወይም ዕድሜው ከእኛ ዕድሜ እጅግ የረዘመ ነው።

ክንፍ የሚመስል ነገር ካለው ሙቀት ማስወገጃ ነው። በጠፈር ሙቀት የሚወጣው በጨረር ብቻ ስለሆነ ሰፋፊ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያም አሞኒያ የሚዘዋወርባቸው እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች አሉት። ስለ ጦር መሣሪያው ብዙ አልልም፤ እንዲህ ያለ ሞተር ያለው እሳት የሚተፋ ጅራቱን ወደ ጠላት ማዞር ብቻ ይበቃዋል።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ፤ ባዕድነቱ የሚታየው እዚህ ነው። «መንኮራኩር» ለጠፈር ከመዋሉ በፊት ተሽከርካሪ ጎማ ማለት ነበር፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል ያየውም በመንኮራኩር ውስጥ ያለ መንኮራኩር ነው። የነጋዴዎቹ መኖሪያም እውነተኛ መንኮራኩር፣ ማለትም የሚዞር ቀለበት ነው፤ መዞሩ ክብደትን ይተካል። በደቂቃ ሁለት ጊዜ የሚዞር ቀለበት የምድርን ያህል ክብደት እንዲሰጥ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 224 ሜትር ያህል ሊኖረው ይገባል። የእኔ ታሪክ ፍጡራን የመጡት ክብደት የእኛ ግማሽ ከሆነበት ዓለም ስለሆነ 112 ሜትር ይበቃቸዋል። አካላቸውም ቀጭንና ረጅም ነው። መንኮራኩሩን በሁለተኛ እጅ የገዙት ሰዎች የበሩ እጀታ ከራሳቸው በላይ ሆኖ ያገኙታል፤ እያንዳንዱ የደረጃ እርከን ጉልበታቸው ድረስ ነው።

ውስጡም ጨለማ ነው። ሠሪዎቹ የሚያዩት ሙቀትን ነው (ዓይናቸው ከአካላቸው የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ አለዚያ የገዛ ሙቀታቸው ያሳውራቸዋል)። ጽሑፋቸው በግድግዳው ላይ የሞቀ መስመር ነው፤ ገዢዎቹ በእጃቸው እየዳበሱ «ይህ ሞቀ፣ ይህ ቀዘቀዘ» እያሉ ፊደል ይቆጥራሉ።

ለመጨረሻ ጊዜ ሳስተካክለው የጨመርኩት ሚዛን ነው። በሚዞር ቀለበት ውስጥ ወደ መሃል በቀረቡ ቁጥር ክብደት ይቀንሳል፤ በእነሱ ቀለበት ከመሃሉ 56 ሜትር ላይ፣ ጠርዙ ላይ ካለው ክብደት ግማሹ ብቻ ይቀራል። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን በየትኛውም ፎቅ አይሳሳትም፣ ሁለቱም ሳህኖች እኩል ይቀልላሉና። ባለ ሞላው ግን ይዋሻል። ስለዚህ በታሪኬ ውስጥ ያለው ብልጥ ነጋዴ ባለ ሞላ ሚዛኑን አንጠልጥሎ፣ ላይኛው ፎቅ (ለመሃሉ የሚቀርበው) ላይ ይገዛል፣ ታችኛው ፎቅ (ጠርዙ) ላይ ይሸጣል።