«ቦንድ» ቅጣት አይደለም

አሜሪካ ውስጥ ባል ወይም ሚስት በኢሚግሬሽን ማቆያ ሲያዙ፣ ቤተሰብ አዘውትሮ ከሚሰማቸው ቃላት አንዱ «ቦንድ» ነው። ብዙዎች ቅጣት ይመስላቸዋል። ከተከፈለ በኋላ ጉዳዩ የሚዘጋ የሚመስላቸውም አሉ። ሁለቱም ስሕተት ነው። ቦንድ፣ የተያዘው ሰው ከተለቀቀ በኋላ በየቀጠሮው እንደሚቀርብ ማረጋገጫ የሚሆን የዋስትና ገንዘብ ነው፤ ከአገር የማስወጣቱ ክስ ግን ይቀጥላል።

ዳኛ ቦንድ ሲፈቅድ በሕግ የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 1,500 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ እጅግ ከፍ ሊል ይችላል። ለሁሉም ግን አይፈቀድም። የወንጀል ታሪክ ወይም ወደ አገሩ የተገባበት መንገድ ሊከለክለው ስለሚችል፣ ገንዘብ ከመበደር በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ያስፈልጋል።

አጥብቄ የምለምነው ስለ ፊርማው ነው። ገንዘቡ ጉዳዩ ሲያበቃ የሚመለሰው ለታሳሪው ሳይሆን ውሉን ለፈረመው ሰው ነው። ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ አንድ ሰው ቢፈርም፣ ተመላሹ የሚላከው በእርሱ ስም ነው። ስለዚህ ማን ስንት እንዳዋጣ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ደረሰኙንና ውሉን እንደ ልደት የምስክር ወረቀት ጠብቁ። ፈራሚው ቤት ቢቀይር ማሳወቅ አለበት፤ ታሳሪውን አቅርብ የሚለው ደብዳቤ የሚላከው ለእርሱ ነውና።

የተለቀቀውም ሰው አድራሻ ሲቀይር በ5 ቀናት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቱ ያሳውቅ። የቀጠሮ ደብዳቤ በቀድሞው አድራሻ ደርሶ እርሱ ቢቀር፣ በሌለበት ከአገር እንዲወጣ ሊወሰንበት፣ ገንዘቡም ሊወረስ ይችላል።