የትውልድ ሐረግ ምንድን ነው? የኦርዮ ስም በማቴዎስ ዝርዝር ለምን ገባ?

የትውልድ ሐረግ ማን ከማን እንደ ተወለደ በቅደም ተከተል የሚያሳይ የስም መዝገብ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ በዘፍጥረት 5፣ በሩት 4፣ በ1ኛ ዜና መዋዕል የመጀመሪያዎቹ 9 ምዕራፎች፣ በማቴዎስ 1 እና በሉቃስ 3 ይገኛል። ብዙ አንባቢ ዘሎት ያልፋል፤ የሚያሳዝን ነው። ለእስራኤል ግን መዝገቡ ማስረጃ ነበር። ከባቢሎን ምርኮ ከተመለሱት ካህናት መካከል ትውልዳቸው በመዝገብ ያልተገኘው ከክህነት መከልከላቸውን ዕዝራ 2 ይነግረናል። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር የአገራችን ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ስም የሚቆጠረው ለጉዳይ ነው።

ስለዚህ በመዝገቡ ያልተለመደ ነገር ሲገኝ ቆም ማለት ይገባል። ማቴዎስ የኢየሱስን የትውልድ ሐረግ ከአብርሃም ጀምሮ «እገሌ እገሌን ወለደ» እያለ ሲወርድ፣ ወደ ማርያም ከመድረሱ በፊት አራት ሴቶችን ያነሣል። የተከበሩት እናቶች ሣራና ርብቃ ግን የሉም። ያሉት ትዕማር፣ የኢያሪኮዋ ረዓብ፣ ሞዓባዊቷ ሩትና «የኦርዮ ሚስት» ናቸው። አንዳንዶች «ኃጢአተኞች ስለሆኑ ነው» ይላሉ፤ ይህ አያሳምነኝም፤ ሩት ምን በደለች? ረዓብ ከነዓናዊት፣ ሩት ሞዓባዊት መሆናቸው የተሻለ መንገድ ያሳያል፦ የዳዊት ቤት ከጅምሩ ባዕዳንን ያቀፈ ነበር።

አራተኛዋ ግን በስሟ አልተጠራችም። ማቴዎስ ቤርሳቤህ የሚለውን ስም አጥቶ አይደለም። በ1ኛ ዜና መዋዕል 3፥5 የሰሎሞን እናት የዓሚኤል ልጅ ቤርሳቤህ ተብላ በአባቷ ተጠርታለች። ሰሎሞን ሲፀነስም ኦርዮ ሞቶ እሷ የዳዊት ሚስት ሆና ነበር። ወንጌላዊው ግን በሟቹ ባሏ ስም ይጠራታል። ኦርዮ ኬጢያዊ ነው፤ እንደ ረዓብና እንደ ሩት ከባዕድ ወገን የመጣ። ታቦቱና ሠራዊቱ በድንኳን ሳሉ «ወደ ቤቴ አልገባም» ያለ ታማኝ ወታደር ነበር፤ ዳዊት ሚስቱን ከደፈረ በኋላ ነገሩን ለመሸፈን የጻፈውን፣ መሞቻውን የያዘውን ደብዳቤ ራሱ ለጦር አዛዡ ለኢዮአብ አደረሰ። በ2ኛ ሳሙኤል 23 ከተዘረዘሩት የዳዊት ኃያላን መካከል የመጨረሻው ስም የእርሱ ነው፤ ከእርሱ በኋላ «ሁሉ 37 ናቸው» ተብሎ ይዘጋል። እንግዲህ «የኦርዮ ሚስት» የተባለው ቤርሳቤህን ለማሳነስ አይመስለኝም፤ ንጉሡ የሸፈነውን በደል በንጉሡ በራሱ የትውልድ መዝገብ ላይ የሚያቆም አጻጻፍ ነው።

ይህን ይበልጥ የሚያጎላው የጎደሉት ስሞች ናቸው። በማቴዎስ 1፥8 «ኢዮራምም ዖዝያንን ወለደ» ይላል። በ1ኛ ዜና መዋዕል 3፥11-12 ግን በሁለቱ መካከል አካዝያስ፣ ኢዮአስና አሜስያስ አሉ። በዙፋን የተቀመጡ ሦስት ነገሥታት ተዘለሉ፤ በዚህ ሐረግ ማንንም ያልወለደው ኦርዮ ግን ተጻፈ። በዕብራውያን ልማድ «ወለደ» የልጅ ልጅንም ስለሚያቅፍ መዝለሉ እንደ ስህተት አይቆጠርም፤ ማቴዎስ ትውልዱን በ14፣ በ14፣ በ14 ለመክፈልም ረድቶታል። ለምን እነዚህ ሦስቱ ተመረጡ ለሚለው ብዙ ተርጓሚዎች ወደ ጎቶልያ ያመለክታሉ፦ የአክዓብ ልጅ የነበረችው ይህች ንግሥት የይሁዳን የንጉሥ ዘር ለማጥፋት የተነሣች ናት፤ ሦስቱም የእሷ ልጅ፣ የልጅ ልጅና የልጅ ልጅ ልጅ ነበሩ።