«ሸቀጥ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

«ሸቀጥ» ሲባል ብዙዎቻችን ሳሙናና ስኳር ነው የሚታየን። ካርል ማርክስ ግን በ1867 (በፈረንጆቹ) ባሳተመው ሥራው ለሁለት ከፍሎ ያየዋል፤ ዕቃው የሚሰጠው ጥቅም አንድ፣ ገበያ ላይ የሚለወጥበት ዋጋ ሌላ። ሸቀጥ የሚሆነው ለገበያ ሲሠራ ነው።

ሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት ግቡ። ግድግዳው በስፌት ተሞልቷል። እናት ለልጇ ሰርግ የሰፋችው ሸቀጥ አይደለም። ያንኑ ስፌት፣ በዚያው እጅ፣ ለቱሪስት ብላ ስትሰፋው ግን ሸቀጥ ሆነ። መጠኑን እንኳ የገዢው ሻንጣ ሊወስነው ይችላል። ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሰፊዋም መብላት አለባት።

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሥጋ ሲጎርስ ለማየትም ይከፈላል። ጅቡ ግን ስለ ሂሳቡ የሚያውቀው ነገር የለም።