የኦንላይን ቼዝ ተጫዋች ስለ ራሱ አጨዋወት የሚይዛቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቼዝ የሚጫወት ወጣት ፈልጎ ማግኘት እንደ ድሮው አስቸጋሪ አይደለም። ሰሌዳ ይዞ የሚዞር ሰው ብዙ ባይታይም፣ ቡናው እስኪቀርብለት ድረስ አንገቱን ወደ ስልኩ ደፍቶ በአውራ ጣቱ ንግሥት የሚያንቀሳቅስ ተማሪ አይጠፋም። ከእነዚህ አንዱ የሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባለፈው ክረምት «ጋሼ፣ ሬቲንጌ አንድ ቦታ ላይ ተገትሮ አልንቀሳቀስ አለኝ፤ እስቲ ጨዋታዎቼን ይዩልኝ» ብሎኝ (ሬቲንግ የተጫዋችን ደረጃ የሚያሳይ ቁጥር ነው)፣ የመጨረሻዎቹን ሠላሳ ሽንፈቶቹን ተራ በተራ አብረን ተመለከትን። ድሎቹን ሆን ብዬ ተውኳቸው፤ ድል ያስደስታል እንጂ ስለ ድክመት ብዙ አይናገርም። የገረመኝ የተሸነፈበት ብዛት ሳይሆን፣ እሱ ስለ አጨዋወቱ የነገረኝና ጨዋታዎቹ የሚመሰክሩት ነገር ጨርሶ አለመገናኘታቸው ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው አመለካከቶች የእሱ ብቻ አይደሉም፤ ባሕር ዳርም ፍኖተ ሰላምም ካገኘኋቸው ተጫዋቾች የሰማኋቸው፣ አንዳንዶቹንም እኔው ራሴ ለዓመታት ይዤያቸው የኖርኩ ናቸው።

«ሬቲንጌ 1500 ነው፤ ችሎታዬ ይህ ነው»

ሬቲንግ እንደ ቁመት ወይም እንደ ክብደት ሰውየው ላይ ያለ ነገር አይደለም። የሃንጋሪ ተወላጅ የሆነው አሜሪካዊ የፊዚክስ ምሁር አርፓድ ኢሎ ያዘጋጀውና የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1960፣ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ፊዴ ደግሞ በ1970 የተቀበሉት ስሌት የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ እነዚህ ሁለት ሰዎች ደጋግመው ቢገናኙ ነጥቡን እንዴት ይካፈሉታል? እኩል ሬቲንግ ያላቸው ግማሽ በግማሽ ይካፈላሉ፤ በ200 የሚበልጠው ከ100 ነጥብ 76 ያህሉን፣ በ400 የሚበልጠው 91 ያህሉን እንደሚወስድ ይጠበቃል። እንግዲህ በ200 ከሚያንሰው ሰው ጋር የተጫወተ ሁሉ ከመቶው ሃያ አራት ነጥብ ያህሉን ለዚያ ሰው እንደሚለቅ ስሌቱ ራሱ አስቀድሞ ቆጥሮታል፤ በአንድ ምሽት ሁለቴ ሦስቴ ተሸንፎ «አእምሮዬ ደንዝዟል» የሚያሰኝ ነገር የለም።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ደግሞ የአንዱን ድረ ገጽ ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር ነው። ሊቼስ የተባለው የቼዝ ድረ ገጽ ግሊኮ-2 በተባለው ስሌት ይሠራል፤ አዲስ ገቢውንም ከ1500 ያስጀምረዋል። ቼስ ዶት ኮም የራሱ መነሻና የራሱ ተጫዋቾች አሉት። ስለዚህ በአንዱ 1500 የሆነን ሰው በሌላው 1300 ከሆነው ጋር ማስተያየት፣ በቁና የተሰፈረን ጤፍ በኪሎ ከተመዘነው ጋር ቁጥር በቁጥር እንደ ማስተካከል ነው። ማግነስ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 የደረሰበት 2882 በፊዴ ታሪክ ከፍተኛው ቁጥር ሆኖ ሳለ፣ በኢንተርኔት ብሊትዝ (ጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚሰጠው ፈጣን ጨዋታ) ግን እሱም ሌሎችም ታላላቅ ተጫዋቾች ከ3000 በላይ ናቸው። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለየው መስፈሪያው ነው።

አንድ ነገር በማለፍ ልጥቀስ፦ የእኛ ልጆች «ራፒድ (ከብሊትዝ ረዘም ያለ ጨዋታ) ተጫዋች ነኝ» የሚሉበት የአሥር ደቂቃ ጨዋታ በፊዴ ደንብ ብሊትዝ ነው።

«የእኔ አጨዋወት ማጥቃት ነው»

ይህን ያልነገረኝ ወጣት ተጫዋች የለም ማለት እችላለሁ። ተማሪውም የነገረኝ ይህንኑ ነበር፤ «እኔ መከላከል አልወድም፣ ደፋር ነኝ፣ ጠጠር ሠውቼ ንጉሡን ማሳደድ ነው ደስ የሚለኝ» አለኝ። ሠላሳዎቹን ሽንፈቶች ስናይ ግን ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ውስጥ ሆን ብሎ የሠዋው አንዳች ጠጠር አልነበረም። የጠፋው ጠጠር የተረሳ ነበር፤ ጠባቂ የሌለው ፈረስ፣ በአንድ እንቅስቃሴ የሚበላ ጳጳስ፣ ተጋጣሚው ከአንድ ተራ በፊት ያዘጋጀውና እሱ ያላየው ወጥመድ። ፈረሱ ከተበላ በኋላ «ከእንግዲህ ማጥቃት ነው» ብሎ ይነሣል፤ እንዲህ ያለውን ጥቃት ድፍረት የሚለው ሰው ካለ ተስፋ መቁረጥን በሌላ ስም እየጠራው ነው።

ማጥቃት የሚባለውን አጨዋወት ለመረዳት የሚሻ ሰው ሚካኤል ታልን ያስብ። ታል እ.ኤ.አ. በ1960 ቦትቪኒክን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በመሥዋዕትነት ጨዋታው ዛሬም ድረስ ስሙ የሚነሣ የላትቪያ ሰው ነው። ብዙዎች የማያውቁት ግን ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1974 ባለው ጊዜ ውስጥ 95 ጨዋታዎችን በተከታታይ ሳይሸነፍ መጫወቱን ነው፤ 46ቱን አሸነፈ፣ 49ኙን አቻ ወጣ። የአጥቂዎች ሁሉ አጥቂ የተባለው ሰው ከሚያሸንፈው ይልቅ አቻ የሚወጣው በዝቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ያን ያህል ርቀት ሄደ። ጠጠር የሚሠዋው ማን ምን እንደሚጠብቅ ሁሉንም ካየ በኋላ ነበር። በሌላው ጫፍ የሚቀመጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ሻምፒዮን የሆነውና በመከላከሉ የታወቀው ቲግራን ፔትሮስያን ደግሞ ግንቡን በፈረስ ወይም በጳጳስ ለውጦ መሥዋዕት በማድረግ ስመ ጥር ነው።

በእኛ ደረጃ «አጨዋወቴ» የምንለው አብዛኛው ነገር ልማድ ነው፤ የልማዱም ዋና ክፍል የተጋጣሚን እንቅስቃሴ አለማየት ነው። የአንድ ተጫዋች እውነተኛ ጠባይ መታየት የሚጀምረው በአንድ እንቅስቃሴ የሚበሉ ጠጠሮችን መርሳት ሲያቆም ነው። ለዚህ ልጅ የሰጠሁት የመጀመሪያው ሥራ የማጥቃት ትምህርት አልነበረም፤ ተጋጣሚው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጣቱን ከስልኩ አንሥቶ «አሁን የነካው ጠጠር ምን ሊበላ ነው? የተወው ቤትስ?» ብሎ በቃል እንዲጠይቅ ነው። ሰልችቶት ነበር፤ አልደብቅም።

«መክፈቻዎችን በቃሌ ብይዝ አሸንፋለሁ»

መክፈቻ የምንለው የጨዋታውን የመጀመሪያ እንቅስቃሴዎች ነው። አባቶቻችን ይጫወቱት በነበረው ሰንጠረዥ በተባለው የአገራችን ቼዝ ውስጥ ወረራ የሚባል መነሻ ነበር፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠሮቻቸውን እንደ ፈቀዱ ያሰልፋሉ። የዛሬዎቹን የኦንላይን ጨዋታዎች ሳይ ወረራ የቀረ አይመስለኝም። ለንደን የሚባለውን አሰላለፍ ያጠና ልጅ በነጭ ሲጫወት ወታደሩን ዲ4፣ ጳጳሱን ኤፍ4፣ ሌላውን ወታደር ኢ3፣ ሦስተኛውን ሲ3 ላይ ያስቀምጣል (የሰሌዳው ቤቶች በፊደልና በቁጥር ይጠራሉ)፤ ጥቁሩ ምን እንዳደረገ ግን ቀና ብሎ አያይም። ተራ የሚጠብቅ ወረራ ማለት ይህ ነው። ልዩነቱ በወረራ ሁለቱም ወገን ነፃ መሆኑ ነው፤ እዚህ ግን ነፃ የሆነ የሚመስለው አንዱ ብቻ ነው። ጥቁሩ በአምስተኛው እንቅስቃሴ ንግሥቱን ወደ ቢ6 አውጥቶ ቢ2 ላይ ያለውን ወታደር ሲያሰጋ፣ ሸምዳጁ ስድስተኛውን የተሸመደደ እንቅስቃሴ ይጫወታል። መክፈቻ ማጥናት ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ከሠላሳው ሽንፈት በመክፈቻው ምክንያት ብቻ ጠፋ የምለው ጨዋታ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የጠፋው ሁለቱም ከሸመደዱት ከወጡ በኋላ ነው።

«90 በመቶ ትክክል ተጫውቻለሁ»

ድረ ገጹ ከጨዋታ በኋላ የሚያሳየው ይህ ቁጥር የሚሰላው እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ኮምፒውተሩ ከመረጠው ምን ያህል እንደሚያንስ በማስተያየት ነው። ተጋጣሚህ በስምንተኛው እንቅስቃሴ ንግሥቱን ከጣለልህ የቀረው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁለት ደግሞ ማንም ይወርዳል። በተቃራኒው፣ በአስቸጋሪ ቦታ ላይ ለሃምሳ እንቅስቃሴ ተከላክሎ 75 በመቶ ያገኘ ሰው የተሻለ ተጫውቶ ሊሆን ይችላል።

ስለ ፐዝል ሬቲንግም (ድረ ገጹ ለሚሰጠው የቼዝ እንቆቅልሽ የሚያዝ ቁጥር) ነገሩ ይኸው ነው። ፐዝሉ ገና ሲከፈት «እዚህ የሚያሸንፍ እንቅስቃሴ አለ» ብሎ ይነግርሃል፤ በጨዋታ ውስጥ ይህን የሚነግርህ የለም። ልዩነቱ ሁሉ ከዚህ ነው።

«ጎበዝ ተጫዋች ሃያ እንቅስቃሴ አስቀድሞ ያያል»

የኔዘርላንዱ የሥነ ልቦና ምሁር አድሪያን ደ ኽሮት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ባሳተመው ጥናት ታላላቅ ተጫዋቾችንና ከእነሱ የሚያንሱትን ጮክ ብለው እንዲያስቡ አድርጎ ሲያዳምጣቸው፣ ታላላቆቹ ከሌሎቹ እጅግ ርቀው የማይቆጥሩ፣ ይልቁንም ገና ከመነሻው ደኅናውን እንቅስቃሴ የሚያስቡ ሆነው አገኛቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ቼስና ሳይመን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ደግሞ ሰሌዳን ለአምስት ሴኮንድ አሳይተው ሲሸፍኑት፣ ሊቁ ተጫዋች ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደውን አቀማመጥ አብዛኛውን መልሶ ሲደረድር፣ ጠጠሮቹ እንዲያው ሲበተኑ ግን ከጀማሪው ብዙም እንደማይሻል አሳዩ። ብልጫው ቀድሞ በታየና በታወቀ ነገር ብዛት ላይ ነው ማለት ነው። ሃያ እንቅስቃሴ ለመቁጠር ከመጨነቅ ይልቅ ሁለቱን በትክክል መቁጠር በእኛ ደረጃ ጨዋታ ያሸንፋል።

«ጨዋታዬን ኢንጂኑ ያርምልኛል»

ኢንጂን የምንለው ጨዋታን የሚተነትን ፕሮግራም ነው። ስቶክፊሽ የተባለው ነፃ ኢንጂን በስልክ ላይ ሆኖ እንኳ ከማንኛውም የዓለም ሻምፒዮን ይበልጣል፤ ሊቼስም ሙሉውን ትንተና ያለ ክፍያ ይሰጣል። ዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለው የደብረ ማርቆስ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ አጠቃቀማችን ላይ ነው። ጨዋታው እንዳለቀ ቁልፉን እንጫናለን፣ ስሕተትን የሚያመለክቱትን ቀይ የጥያቄ ምልክቶች እንቆጥራለን፣ «እህ፣ ጳጳሱን መሳብ ነበረብኝ» እንላለን፤ ከዚያ አዲስ ጨዋታ እንጀምራለን። ምን የተማርነው ነገር አለ?

በዚህ በጎጃም፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ስማቸው በገነነ የቅኔ ቤቶች ወግ፣ ደቀ መዝሙሩ ቀን ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ፣ ይውላል፤ ለመምህሩ የሚነግረው ማታ ነው፤ መምህሩም የተበላሸውን ያርምለታል። ቆጠራ ያልዋለ ተማሪ ለነገራ ቢቀርብ የሚታረም ነገር የለውም። ከኢንጂን ጋር መሥራትም በዚህ ሥርዓት ቢሆን መልካም ነው፦ መጀመሪያ ያለ ኢንጂን ጨዋታውን ከመነሻው ማየት፣ «እዚህ ጋ ያሰብኩት ይህን ነበር፣ የፈራሁት ይህን ነበር» ብሎ በማስታወሻ መጻፍ፣ ጨዋታው ዘነበለ ብሎ የጠረጠሩበትን ቦታ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ኢንጂኑን መክፈት። ዋጋ ያለው አንተ «እዚህ ነው የተበላሸው» ያልክበትና ኢንጂኑ የጠቆመው ቦታ የሚለያዩበት ነው። ተማሪው በሃያኛው እንቅስቃሴ ተሸነፍኩ ብሎ የጻፈው አንድ ጨዋታ በእርግጥ የጠፋው በአሥራ ሁለተኛው ነበር፤ ስምንት እንቅስቃሴ ሙሉ የተሸነፈ ቦታን ደኅና መስሎት ተጫውቷል። ይህን ምንም ዓይነት የመቶኛ ቁጥር አይነግረውም።

«ኔትወርክ ነው ያሸነፈኝ»

አንዳንዴ እውነት ነው። ኔትወርኩ ሲጠፋ ሰዓቱ አይቆምም፤ በሦስት ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ መጥፋት ማለት ጨዋታው መጥፋት ነው። ነገር ግን ግንኙነቱ እንደሚቆራረጥ የሚያውቅ ሰው በየእንቅስቃሴው ሴኮንድ የማይጨምር አጭር ጨዋታ መምረጡ የራሱ ውሳኔ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ጭማሪ ጋር ይሻላል፤ ለአንድ እንቅስቃሴ ቀናት የሚሰጠው የደብዳቤ ዓይነት ጨዋታም አለ፤ መብራትና ኔትወርክ በሚመላለሱበት ከተማ ከዚህ የሚስማማ አላውቅም። በሰዓት ካለቁት ጨዋታዎቹ ብዙዎቹ ላይ ተማሪው በመጀመሪያዎቹ አሥር እንቅስቃሴዎች ደቂቃ እንኳ ሳይጨርስ፣ ወደ መሐል ሲገባ በአንድ እንቅስቃሴ ላይ አራት ደቂቃ ቆሞ ነበር። ያን ኔትወርክ አላደረገውም።

«የመጨረሻው ጨዋታ ለሊቃውንት ነው»

የመጨረሻው ጨዋታ የምንለው ጥቂት ጠጠሮች ብቻ ሲቀሩ ያለውን የጨዋታ ክፍል ነው። ከሠላሳዎቹ ጋር አንድ አቻ አሳይቶኝ ነበር፤ እንደ ሽንፈት ቆጥሮት ነው፤ አልተሳሳተም። ነጩ ንጉሡ ኢ4፣ አንድ ቀሪ ወታደሩ ኢ3፣ የጥቁሩ ንጉሥ ኢ6 ላይ ናቸው፤ ሌላ ምንም የለም። ተራው የጥቁሩ ቢሆን ኖሮ ጥቁሩ መንገድ ለመልቀቅ ይገደድና ነጩ ያሸንፋል፤ ተራው የነጩ ከሆነ ግን አቻ ነው። ተራው የነጩ ነበር። ወታደሩ ከጥቂት እንቅስቃሴ በፊት ኢ2 ላይ ነበረች፤ እዚያው ቆይታ ቢሆን ኖሮ አሁን ወደ ኢ3 ገፍቷት ተራውን ለጥቁሩ ያስተላልፍ ነበር። ለምን አስቀድሞ እንደገፋት ስጠይቀው «ዝም ብዬ፣ የምጫወተው ስላልነበረኝ» አለኝ።

ስልኩን አስቀምጠን በጠረጴዛው ላይ ሁለት ሲኒ አቆምን፤ ወታደሯ የስኳር ማንኪያ ሆነች። ማንኪያዋን አንዴ ከንጉሡ አንድ ቤት፣ አንዴ ሁለት ቤት ወደ ኋላ እያደረግን ደጋግመን ተጫወትነው፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በአራተኛው ዙር ጥቁሩን ይዤ የነበርኩት እኔ ነበርኩ፤ ልጁ ማንኪያዋን አልነካም አለና ንጉሡን ብቻ እያንቀሳቀሰ ጠበቀኝ። አስተናጋጇ የእኔን ንጉሥ ልታጥበው ስታነሣው ገና አልተሸነፍኩም ነበር፤ መንገድ ግን አልነበረኝም።