የክራንክ ፑሊ በኃይለኛ ሞተር ላይ፦ እንዳይላላ የሚይዘው ምንድን ነው?

ክራንክ ሻፍት የፒስተኖቹን ግፊት ወደ መዞር የሚቀይር የሞተሩ ዋና ዘንግ ነው። የክራንክ ሻፍት ፑሊ በሞተሩ ፊት፣ ክራንኩ ወጣ በሚልበት ጫፍ ላይ የሚገጠም ክብ ብረት ነው። ቺንጋው የሚጠመጠመው በእሱ ላይ ነው። ዲናሞውም፣ የኤሲ ኮምፕረሰሩም፣ በብዙ መኪና ላይ የውሃ ፓምፑም ጉልበት የሚያገኙት ከዚሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፑሊው ሌላም ሥራ አለው። ውስጡ የጎማ ቀለበት ስላለው የክራንኩን መጠማዘዝና ንዝረት ያበርዳል። ይህን ሁሉ ጣጣ ብዙ ጊዜ የሚሸከመው አንድ ብሎን ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ፑሊውን የሚይዘው ቁልፉ ይመስለዋል። ቁልፍ የሚባለው በክራንኩና በፑሊው መካከል ባለው ቦይ ውስጥ የምትገባው ትንሽ የብረት ቁራጭ ናት። የእሷ ዋና ሥራ ግን ፑሊውን በትክክለኛው አቅጣጫ ማስቀመጥ ነው። ፑሊውን አንቆ የሚይዘው ብሎኑ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ በጥቂቱ ይለጠጣል። እንደ ስፕሪንግ ተመልሶ ሊያጥር ሲታገል ፑሊውን ከክራንኩ ጋር ይጨምቀዋል። ፊት ለፊት የተገናኙት ሁለቱ ብረቶች ከዚያ በኋላ በሰበቃ ብቻ ተያይዘው ይዞራሉ።

በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠንካራ ብሎን በደንብ ከጠበቀ 100 ኪሎ ኒውተን ያህል ይጨምቃል። ይህ የ10 ቶን ክብደት ማለት ነው። የደረቀ ብረት የሰበቃ መጠን 0.15፣ የሚገናኙበት ርቀት ከመሃል 20 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፣ ፑሊው ሳይንሸራተት 300 ኒውተን ሜትር (የማዞር ጉልበት መለኪያ) ያህል ይችላል። ፊቱ ዘይት ነክቶት ሰበቃው ወደ 0.10 ቢወርድ ይህ ቁጥር 200 ይሆናል። በአንድ ጠብታ ዘይት ሲሶው ጠፋ ማለት ነው።

አሁን ሱፐርቻርጀር፣ ማለትም በቺንጋ እየዞረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ፣ እንጨምርበት። በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ 75 ኪሎ ዋት የሚበላ ሱፐርቻርጀር ከፑሊው 120 ኒውተን ሜትር ያህል ይጠይቃል። ከ300 ጋር ሲወዳደር በቂ ትርፍ ያለ ይመስላል። ግን 120 አማካይ ነው። ክራንክ ሻፍት እኩል አይዞርም፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ሲተኩስ ወደፊት ይገፋል፣ ወዲያው ይዘገያል። ማርሽ በፍጥነት ሲቀየር ደግሞ ሞተሩ ድንገት ዙር ይቀንሳል፣ ሱፐርቻርጀሩ ግን መሽከርከሩን መቀጠል ይፈልጋል። ስለዚህ ፑሊውን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይጎትተዋል። ይህ ወዲያና ወዲህ መጎተት በዓይን የማይታይ መንሸራተት ይፈጥራል። መንሸራተቱ ፊቱን ይበላዋል፣ ፊቱ ሲበላ ብሎኑ ይላላል፣ ብሎኑ ሲላላ መንሸራተቱ ይብሳል። ቁልፏ ሸክሙን የምትቀበለው ያኔ ነው፤ ብዙም አትቆይም።

በዚህ የታወቁ ሞተሮች አሉ። የማዝዳ ኤምኤክስ-5 የመጀመሪያዎቹ 1.6 ሊትር ሞተሮች፣ እስከ 1991 አጋማሽ የተሠሩት፣ የክራንካቸው አፍንጫ፣ ማለትም ፑሊው የሚገጠምበት ጫፍ፣ አጭር ነበር። ብሎኑ በደንብ ካልጠበቀ የቁልፉ ቦይ ይሰፋና የቫልቭ ሰዓቱ (ቫልቮቹ የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ጊዜ) ይዛባል። ማዝዳ በኋላ አፍንጫውን አስረዝሞታል። በ1997 የወጣው የጄነራል ሞተርስ ኤልኤስ1 ደግሞ ጭራሽ ቁልፍ የለውም። ፑሊው በጠባብ ልክ ተገፍቶ ይገባል፣ ቀሪውን ብሎኑ ይጨርሳል። ለፋብሪካው ጉልበት ይበቃል፤ ትልቅ ሱፐርቻርጀር ሲታከልበት ግን ያሳስባል። የቢኤምደብሊው ኤስ55፣ ከ2014 ጀምሮ በኤም3 እና በኤም4 ላይ የገባው፣ ከሁሉም ይለያል። በእሱ ላይ ማዕከላዊው ብሎን የሚጨምቀው የፑሊውን መያዣ ብቻ ሳይሆን ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን የታይሚንግ ሰንሰለት የሚያዞረውን ጥርስም ጭምር ነው፣ ያውም ያለ ቁልፍ። ጉልበቱ በተጨመረ ሞተር ላይ ከተንሸራተተ የቫልቭ ሰዓቱ አብሮ ይዛባል። ከባሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

መፍትሔዎቹ በቅደም ተከተል ቢታዩ ጥሩ ነው፤ ሰው ግን በትሪፓኖ መብሳት ይቸኩላል። መጀመሪያ የሚታሰበው ብሎኑ ነው። ጠንካራ የተሻሻለ ብሎን የበለጠ ይጨምቃል። ቀጥሎ ጥቃቅን የአልማዝ ቅንጣት የተለበጠባት ስስ ሮንዴላ አለች። ቅንጣቶቹ ሁለቱም ብረቶች ውስጥ ስለሚነክሱ ሰበቃው ከደረቅ ብረት ብዙ እጥፍ ይጨምራል። በእኔ ግምት እንዲህ ያለች ቀላል ነገር ይህን ያህል መጥቀሟ የሚደንቅ ነው። የመጨረሻው ፒን መትከል ነው። ፑሊው ሙሉ በሙሉ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ ግማሹ ፑሊው ላይ ግማሹ ክራንኩ ላይ እንዲያርፍ በመሪ መሣሪያ ይበሳል። ለኤልኤስ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ሁለት የ6.35 ሚሊ ሜትር ፒኖች ይተከላሉ። ፒን ግን የላላ ብሎንን አይተካም። ጭምቅታው ከሌለ ፒኑም እንደ ቁልፉ ይበላል።

ሲገጠም ፑሊውን በመዶሻ መምታት አደገኛ ነው። ምቱ ወደ ክራንኩ የግፊት ቤሪንግ ይሄዳል፣ የጎማ ቀለበቱንም ከቦታው ሊያንሸራትት ይችላል። በመግፊያ መሣሪያ ቀስ ተብሎ ይገባል። ብሎኑ ፑሊውን ለመሳብ መዋል የለበትም፤ ጥርሱ ይጎዳል። የሚገናኙት ፊቶች በማጽጃ ተጠርገው ይደርቁ። በብሎኑ ጥርስና ከራሱ ስር ዘይት ይቀባ አይቀባ የሚወስነው የሞተሩ መመሪያ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከማጥበቂያው ጉልበት 90 በመቶ ያህሉ ለሰበቃ ይጠፋል፣ ብሎኑን የሚለጥጠው 10 በመቶው ነው። ቅባቱ ሲለወጥ ያው የቶርክ (የማጥበቂያ ጉልበት) ቁጥር ፍጹም የተለየ ጭምቅታ ይሰጣል።

ለዚህ ነው ብዙ ፋብሪካዎች በቶርክ ጀምረው በማዕዘን የሚጨርሱት። ኤልኤስ1 ላይ ፑሊው በመግፊያ መሣሪያ ከገባ በኋላ አሮጌው ብሎን በ330 ኒውተን ሜትር ጠብቆ የመጨረሻ ቦታውን ያስይዘዋል፣ ከዚያም ይወጣል። ከዚያ አዲስ ብሎን በ50 ኒውተን ሜትር ይገባና ሌላ 140 ዲግሪ ይዞራል። እንዲህ ያለ ብሎን አንዴ ከተለጠጠ ድጋሚ አይሠራም።

ይህን ያህል ለማጥበቅ ክራንኩ መያዝ አለበት። የሚያዘው በፍላይዊሉ (ከሞተሩ ኋላ ያለው ከባድ ዲስክ) ጥርስ ወይም ለሞተሩ በተሠራው መቆለፊያ ነው። የታይሚንግ ሰንሰለት ላይ ሸክሙን መጣል ከባድ ስህተት ነው። የአየር መፍቻ ለመፍታት ይጠቅም ይሆናል፤ ስንት እንዳጠበቀ ስለማይናገር ለማጥበቅ አይታመንም።

ካለቀ በኋላ ከብሎኑ ራስ እስከ ፑሊው አንድ የቀለም መስመር ይሰመራል። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ይታያል። መስመሩ ከተሰነጠቀ ብሎኑ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ሞተሩ መነሳት የለበትም። ቀይ የዝገት ዱቄት በፑሊው መሃል ከታየም ያው ነው፤ ብረት ብረትን እየበላ መሆኑን የሚናገረው እሱ ነው።