ላሊበላ፦ ጎብኚና ተሳላሚ የሚገናኙባት

ላሊበላ በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ተራሮች መሃል ያለች ከተማ ናት። የጥንት ስሟ ሮሃ ነው። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። የታነጹት በቅዱስ ላሊበላ ዘመን ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ጥቂቶቹ ቀደም ብለው ተጀምረው ሊሆን ይችላል ይላሉ። በአፈ ታሪክ ቅዱስ ጊዮርጊስ «የእኔስ ቤተ ክርስቲያን የታለ?» ብሎ በፈረሱ መጥቷል ይባላል፤ የፈረሱ ኮቴ ነው የሚባለው ምልክትም ዛሬ ድረስ በቤተ ጊዮርጊስ ይታያል።

ስለ ላሊበላ በስፋት ከጻፉት አውሮፓውያን ቀዳሚው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ መጥቶ አየ። ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ብዕሩን አስቀመጠ። የጻፈውም እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ማለ። ዛሬም አዲስ ሰው ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ መጀመሪያ ዝም ነው የሚለው።

ደጃፉ ላይ ጫማ ይወልቃል። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ ዓይን እስኪለምደው ዕጣኑ ይቀድማል። ካህኑ መስቀል ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ይወጣል። ፈረንጁ ካሜራውን ሲያነሳ፣ አጠገቡ ነጠላ ያጣፉ እናት ጎንበስ ብለው ይሳለማሉ። እዚህ ቤት ቅዳሴ ዛሬም አለ። ጎብኚው ቀስ ብሎ መሄድ ያለበትም ለዚህ ነው። ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም። ከቤተ ገብርኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚወስደው ድቅድቅ ዋሻ ደግሞ ግድግዳውን እየዳበሱ ነው የሚታለፈው። የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል።

የቤተ መድኃኔ ዓለሙ መስቀል አፍሮ አይገባ እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ነበር። ከውጭ አገር ገዢ እጅ ተገኝቶ በ1999 ተመለሰ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የቆመው የብረት መጠለያ ዝናብ ይከላከላል፤ እይታውን ግን ይጋርዳል። ኮሮናና ጦርነቱ ለዓመታት እንግዳ አስቀርተዋል።

በገና ግን ተሳላሚው የቀናት መንገድ በእግሩ ተጉዞ ይመጣል። የከተማው ሰው የእንግዳውን እግር ያጥባል። ጠዋት በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ይዘመራል። ግማሾቹ ካህናት ከላይ ማሜ ጋራ ላይ በመላእክት ምሳሌ፣ ግማሾቹ ከታች በእረኞች ምሳሌ ሆነው ይቀባበላሉ። ከበሮው ሲመታ አለቱ ራሱ ድምፁን ይመልሳል።